ላፕቶፕ አያያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በዋናነት ዊንዶውስ ለተጫነባቸው ላፕቶፖች ናቸው፤ ማክ የሚለይበት ቦታ ላይ ተጠቅሷል።

አዲስ ላፕቶፕ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ምክሩ ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ዘመን የተረፈ ነው። የዛሬዎቹ ሊትየም አዮን ባትሪዎች ከካርቶን እንደወጡ ያገለግላሉ፤ ሲሞሉም መሙላቱን የሚያቋርጠው ላፕቶፑ ራሱ ነው። «አንዴ ዜሮ ድረስ አሟጥጠህ ሙላው» የሚለውም የዚያው ዘመን ምክር ነው። ደጋግሞ ማሟጠጥ እንዲያውም ባትሪውን ይጎዳዋል።

ቻርጀሩን ሳልነቅል ቀኑን ሙሉ ብሠራ ባትሪው ይበላሻል?

ወዲያው አይበላሽም፤ ግን ቶሎ ያረጃል። ሊትየም ባትሪን የሚያስረጁት ሙቀትና 100 ፐርሰንት ላይ ተሞልቶ መቆየት ናቸው፤ እንደተሰካ ከባድ ሥራ የሚሠራበት ላፕቶፕ ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል። መፍትሔው በየሰዓቱ መንቀል መሰካት ሳይሆን አሞላሉን 80 ፐርሰንት አካባቢ መገደብ ነው። ሌኖቮ ላይ «ቫንቴጅ» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» ይባላል። አሱስ ላይ «ማይአሱስ» ውስጥ በባትሪ ጤና ክፍል ይገኛል። የኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ «ባትሪ ኸልዝ ማኔጀር»፣ ዴል ደግሞ ባዮስ ውስጥ «ፕራይመሪሊ ኤሲ ዩዝ» ይሉታል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ግን ለባትሪው ዕድሜ ብሎ የዛሬውን ሥራ መሠዋት የለበትም፤ መብራት ይጠፋል ብለው በሚጠብቁበት ቀን ገደቡን አንስተው 100 ያድርሱት።

የባትሪውን ትክክለኛ ጤና ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው powercfg /batteryreport ብለው ጽፈው ኢንተር ይምቱ። የሚወጣውን ፋይል በብሮውዘር ሲከፍቱ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 30,000 ከሆነ ባትሪው የቀረው 60 ፐርሰንት ብቻ ነው። ላፕቶፑን ለወራት ሳይጠቀሙ የሚያስቀምጡ ከሆነ 50 ፐርሰንት አካባቢ ላይ አድርሰው ያጥፉት። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም የታችኛው ክዳን ከተነሳ ደግሞ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፣ ተጭነው ለመመለስ አይሞክሩ፣ አስወጥተው ያስቀይሩት። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ስክሪኑን በምን ላጽዳው?

በማይክሮፋይበር ጨርቅ፤ የመነጽር መጥረጊያውም ይሆናል። አጥፍተው መጀመሪያ በደረቁ አቧራውን ያንሱ፣ የቀረውን ቅባት በትንሹ ውሃ በነካው ጨርቅ ይጥረጉ። ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይርጩ፤ ወደ ታች የሚወርደው ጠብታ በጠርዙ በኩል ሾልኮ ፓነሉን ይበላዋል። ሶፍት ይቧጥራል፣ የመስታወት ማጽጃና በረኪና ደግሞ ሽፋኑን ያነሱታል።

አማርኛ ለመጻፍ ምን ፕሮግራም ልጫን?

ምንም። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» የሚለውን ከፍተው ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ይጨምሩ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው ስፔስ በተጫኑ ቁጥር በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ይቀያየራል። አጻጻፉ በአነባበብ ነው፤ የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጽፋሉ። የስልክ አጻጻፍ የለመደባቸው ደግሞ ነፃ የሆነውን የኪቦርድ ፕሮግራም «ኪማን»ን ሊመርጡ ይችላሉ።

የቆየ ሰነድ ሲከፍቱ አማርኛው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ቢሮዎች የሚጽፉት የግዕዝ ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ በተሳለባቸው ፎንቶች ነበር። ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ፋይሉን ለሌላ ሰው የሚልኩት ከሆነ ግን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይሻላል። «ናይላ» የሚባለው ፎንት ከጠፋብዎት ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ»ን ይጨምሩ።

ከስልኬ ኢንተርኔት ሳጋራው ፓኬጄን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ምን እያወረደ ነው?

በአብዛኛው የዊንዶውስ ዝማኔና የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ፋይል መጫን ነው። ዊንዶውስ የስልክዎን ሆትስፖት ከቢሮ ዋይፋይ የሚለየው እርስዎ ከነገሩት ነው። ሴቲንግስ፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኙበት ኔትወርክ መገለጫ ውስጥ ገብተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ቅንብሩ የሚሠራው ለዚያ የኔትወርክ ስም ብቻ ነው፤ የሆትስፖቱን ስም ከቀየሩ እንደገና ማብራት ይኖርብዎታል። እዚያው ዝማኔ ክፍል ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም ያጥፉ፤ እሱ ሲበራ የእርስዎ ላፕቶፕ ያወረደውን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል፣ ሒሳቡም ከእርስዎ ነው። ዝማኔን ለዘለዓለም መዝጋት ግን ስህተት ነው፤ በወር አንድ ቀን ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ላይ ይልቀቁት።

ፋኑ ይጮኻል፣ ላፕቶፑም ይግላል። ችግሩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚያስቀምጡበትን ይዩ። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ አልጋ፣ ብርድ ልብስና ሶፋ ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ከበድ ያለ ሥራ ሳይኖር፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ተጭነው በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ሲፒዩው ከ10 ፐርሰንት በታች እያሳየም ከጮኸ፣ ውስጡ በአቧራ ተደፍኗል። በበጋ አቧራ ባለበትና ግንባታ በበዛበት አካባቢ በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ተገቢ ነው። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነው ቴርማል ፔስቱም (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) አብሮ ይቀየር። ነፋሻ መሣሪያ ሲጠቀሙ ፋኑን በስንጥር ያስይዙት፤ በኃይለኛ አየር በፍጥነት እንዲሽከረከር ከተለቀቀ መሽከርከሪያው ይጎዳል። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር አይጠቀሙበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የአየሩ ቀዝቃዛነት በከፊል ያካክሰዋል፤ ግን ለዚህ ነው ሌላ ቦታ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ላፕቶፕ እዚህ ትንሽ ቢጮኽ የማያስደንቀው።

በጣም ቀርፋፋ ሆነብኝ። ፎርማት ላስደርገው?

ገና ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ዲስክ» የሚለውን ዓምድ ይዩ። ምንም ሳይሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ ውስጡ ያለው ደግሞ የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ፎርማት ለሁለት ሳምንት ያቀለዋል፤ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። ገንዘቡን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ያውሉት። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ የለም፤ ለቢሮ ሥራ 256 ጊጋ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ላፕቶፑ የሚቀበለውን ዓይነት ያረጋግጡ፦ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው ወይስ ኤም ነጥብ 2? ኤም ነጥብ 2 ከሆነስ ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ? ሁለቱ ቢመሳሰሉም ብዙ ላፕቶፖች አንዱን ብቻ ነው የሚያውቁት። ራምም እንዲሁ ነው፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ ሁለተኛው ብልህ ወጪ ነው።

ዲስኩ ደህና ሆኖ ከዘገየ ደግሞ «ሪስታርት» ያድርጉት። ብዙ ሰው «በየማታው አጠፋዋለሁ» ይላል፤ ነገር ግን ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ቅንብር ስለበራ «ሻት ዳውን» የዊንዶውስን ሁኔታ አስቀምጦ ነው የሚያጠፋው፤ ሲከፍቱት የትናንቱ ችግር አብሮ ይነሳል። ሁሉን ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው።

መብራት ይቆራረጣል፣ ቮልቴጁም ይዋዥቃል። ለላፕቶፕ ስታቢላይዘር ልግዛ?

ለላፕቶፕ ብቻ ከሆነ አይግዙ። የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ፦ «ኢንፑት 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። ይህ ማለት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 150 ቢወርድም ቻርጀሩ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ነው፤ ከመሀል የሚቋረጥ ቢሆን እንኳ ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕም ትራንስፎርመር የማያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ ብቻ በአገር ውስጥ መሰኪያ ይለውጡ። በላላ አዳፕተር መሰካት እየፈነጠቀ ሶኬቱን ያቃጥላል።

ቻርጀር የሚገድለው ዝቅ ማለት ሳይሆን ከፍ ማለት ነው፤ ይህም የሚያጋጥመው መብራት በሚመለስበት ቅጽበትና ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ሲቋረጥ ነው። ሦስት ፌዝ በሚገባበት ሕንፃ ውስጥ ኒውትራል ከላላ 220 ይሰጥ የነበረው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔ በአንድ ሌሊት የግቢው ቻርጀርና ቴሌቪዥን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ይንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ጠባቂ መግዛት ካለብዎት ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጠውንና ቆይቶ የሚመልሰውን ይምረጡ። በጄኔሬተር የሚሠሩ ደግሞ ጄኔሬተሩን አስነስተው ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ ይሰኩ፤ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ሲያጣጥር ደግሞ ቀድመው ይንቀሉ።

ቻርጀሬ ተቃጠለ። የሌላ ላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ይገባል፤ ልጠቀምበት?

ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ 19 እና 19.5 የሚለያዩበት ያህል ችግር የለውም፣ 19 እና 12 ግን አይቀራረቡም። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። 19.5 ቮልት በ3.33 አምፔር 65 ዋት ነው፤ 65 ዋት የሚፈልገውን ላፕቶፕ በ90 ዋት ቻርጀር ማስኬድ ምንም አያደርገውም፤ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። በተቃራኒው 45 ዋት ከሰጡት ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪውም እየሠሩ አይሞላም።

ዴልና ኤችፒ ጫፋቸው መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አላቸው፤ ቻርጀሩ ማንነቱን ለላፕቶፑ የሚናገርባት እሷ ናት። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ የሌላ ድርጅት ከሆነ ላፕቶፑ ይሠራል፤ ግን ባትሪ አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። «ባትሪዬ ሞተ» ተብሎ አዲስ ከተገዛ በኋላ ጥፋቱ የዚያች መርፌ ሆኖ ይገኛል። በታይፕ ሲ የሚሞላ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከተዘረዘሩት ውጤቶች ውስጥ 20 ቮልት መኖሩን ይዩ፤ የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 12 ላይ ስለሚያበቃ ላፕቶፑ አይቀበለውም፣ ቢቀበለውም ሲያንቀላፋ ብቻ ነው የሚሞላው።

ቻርጀር ላይ ሆኖ ብረቱን ስነካው ይነዝረኛል። አደገኛ ነው?

ለስለስ ያለ፣ እጅ ሲንሸራተት እንደ ሻካራ ጨርቅ የሚሰማ ንዝረት ከሆነ በራሱ አደገኛ አይደለም። ቻርጀሩ ውስጥ የሬዲዮ ረብሻን የሚያጣራ ትንሽ ካፓሲተር አለ፤ በእሱ በኩል እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ አካል ይሾልካል። መሄጃው ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ነበር። ኧርዝ በሌለበት ቤት መሄጃው እርስዎ ይሆናሉ፤ ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲቆሙ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ባለ ሦስት ቀዳዳ ገመድ የሚቀበል ቻርጀር ከሆነ ኧርዝ ያለው ገመድና ኧርዝ የተዘረጋለት ሶኬት ይፈታዋል። ዲቫይደሩ ላይ የኧርዝ ብረት መታየቱ አይበቃም፤ ግድግዳው ውስጥ ሽቦው መኖሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመለኪያ ይይልዎት። በሁለት ጥርስ ብቻ የሚሰካ ቻርጀር ግን ኧርዝ ስለማይደርሰው ንዝረቱ አይጠፋም። እጅ የሚያስለቅቅ ኃይለኛ ንዝረት ከሆነ፣ ወይም ቻርጀሩ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ከግድግዳው ይንቀሉ፣ አይጠግኑት፣ ይጣሉት።

ቡና ፈሰሰበት! አሁን ምን ላድርግ?

ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያጥፉት፣ ከፍተው በድንኳን ቅርጽ ኪቦርዱን ወደ ታች ይድፉት። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት። «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ማብራት ነው በብዛት የሚገድለው፤ ፈሳሹ ብቻውን ሳይሆን ፈሳሹ ላይ ያለፈው ኤሌክትሪክ ነው ቦርዱን የሚበላው። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፤ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ንጹሕ ውሃ ከሆነ ተከፍቶ ለ48 ሰዓት ሲደርቅ ሊተርፍ ይችላል። ስኳር ያለው ሻይ፣ ቡናና ለስላሳ ግን ቢደርቅም ዝቃጩ ስለሚቀር፣ በሳምንታት ውስጥ ቦርዱን ያዝገዋል። ስለዚህ «ደርቆ ሠራልኝ» ብለው አይተዉት፤ ተፈትቶ ቦርዱ በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠብ። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 ውሃው ብዙ ስለሆነ ለዚህ አይመረጥም።

ፍላሼ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ጠፍተዋል?

አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን አይጫኑ፤ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ያብሩ፣ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥም የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሱ። ዋናዎቹ ፋይሎች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ የራስዎን ሰነዶች ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ቀድተው በዊንዶውስ ዲፌንደር ያስፈትሹ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። የሰኩት ፍላሽ ሁሉ እንዲሁ የሚሆን ከሆነ በሽተኛው ፍላሹ ሳይሆን ላፕቶፑ ነው። ብዙ ጊዜ በሩን የከፈተው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ የተጫነ ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚከፍት) ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

«ኮር አይ 7 ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ትውልዱን ይጠይቁ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ይናገራል፦ አይ5-8350 ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ አይ7-4600 አራተኛ፣ አይ5-1135 አሥራ አንደኛ። የስምንተኛው አይ5 የአራተኛውን አይ7 በብዙ ይበልጠዋል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉትም በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ጭምር ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018) ስላበቃ ይህ አሁን ዋጋ ላይ መታየት ያለበት ነገር ነው።

ከዚያ ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይተዉት። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ላፕቶፖች የድርጅት ንብረት የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከድርጅቱ መዝገብ ሳይፋቁ ይመጣሉ። ይህ የሚታየው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተመልሶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፦ የማያውቁት ድርጅት ስም ወጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ሻጩ ኢንተርኔት ሳያገናኝ አዘጋጅቶ ካሳየዎት ሪሴት አስደርገው፣ በስልክዎ ሆትስፖት አገናኝተው ይዩት። ማክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከማሽኑ ላይ ፊትዎ ያንሳ። ማጠፊያውን በሁለት እጅ ከፍተው ይዝጉ፤ ከተንገጫገጨ ወይም ጠርዙ ከተላቀቀ በቅርቡ ይሰበራል።

ሲበራ 48 አኃዝ ያለው «ሪከቨሪ ኪይ» ጠየቀኝ። እኔ ምንም አላበራሁም፤ ከየት መጣ?

ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲዘጋጅ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል። በአዘቦት ቀን አይታይም። ባዮስ ሲታደስ፣ ቦርድ ሲቀየር ወይም የባዮስ ቅንብር ሲነካ ግን ማሽኑ «ሌላ ሰው ይሆናል» ብሎ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው ላፕቶፑ በተዘጋጀበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው፤ በስልክዎ ገብተው መሣሪያዎች በሚለው ክፍል ይፈልጉት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቁልፍ መለያ የመጀመሪያ 8 ፊደላት እዚያ ካለው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ላፕቶፑን ያዘጋጀልዎት ሌላ ሰው ከሆነ ቁልፉ በእሱ አካውንት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ።

ቁልፉ ካልተገኘ ውስጡ ያለውን ፋይል ማንም ጥገና ቤት ሊያወጣው አይችልም፤ ፎርማት ተደርጎ ላፕቶፑ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ገብተው ቅንብሩ በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ከበራ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጠው ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ ያስቀምጡ።